214 አሮጌ የባንክ ካርዶች፦ ከቆጠራ እስከ ዋጋ ግምት

ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቀን 1፦ ቆጠራ

ካርዶቹ የተገኙት በአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ ነው፤ አሥርና ሃያ እየሆኑ በላስቲክ ታስረዋል። ያረጀ ላስቲክ ፕላስቲኩ ላይ ይጣበቃል፤ ሲጎተት የካርዱን ቀለም ይዞ ይነሳል። ስለዚህ ላስቲኮቹ በመቀስ ተቆረጡ፣ የተጣበቀው ቁራጭ ደግሞ እንዳለ ተተወ። አግራፍ የተሰካባቸው 4 ካርዶች ነበሩ፤ ሁለቱ ላይ የዝገት ጥላ ቀርቷል።

ድምር 214። ከእነዚህ 9 የብረት፣ 6 የወረቀት፣ 199 የፕላስቲክ ናቸው።

ተራ ቁጥር የተጻፈው ካርዱ በሚገባበት ኪስ ላይ ነው። በካርዱ ላይ በእርሳስም ቢሆን አይጻፍም። በመዝገቡ ላይ የተያዙት፦ አውጪው ባንክና ከተማው፣ የካርዱ ዓይነት፣ በላዩ የታተመው ቀን፣ ጉዳት፣ ፊርማ አለ ወይስ የለም፣ የተሰረዘበት ምልክት። የሒሳብ ቁጥሩ ሙሉውን አይመዘገብም፤ የፊተኞቹ 6 እና የኋለኞቹ 4 አሃዞች ይበቃሉ። ጊዜው ያለፈበት ካርድ ቁጥሩም ሞቷል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ባንኮች ካርድ ሲያድሱ ብዙ ጊዜ ቁጥሩን ሳይነኩ የማብቂያውን ቀን ይለውጣሉ። ፎቶ ለሌላ ሰው ከመላኩ በፊት መሃል ያሉት አሃዞችና የባለቤቱ ስም ይሸፈናሉ። ጊዜው ገና ያላለፈ ካርድ ከተገኘ ደግሞ መሰብሰቢያ አይሆንም፤ ወደ አውጪው ይመለሳል።

ማጽዳት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው። በካርድ ላይ ያለው ቆሻሻ ግማሹ ማስረጃ ነው፦ የባንኩ ተለጣፊ ወረቀት፣ የፖስታ ሙጫ ቅሪት፣ የሻጭ ማኅተም። ቀድሞ ያጸዳ ሰው የካርዱን ዘመን የሚነግረውን ነገር አብሮ ያጥባል።

ቀን 2፦ ፎቶ፣ ብረትና ወረቀት

ለፎቶ ስካነር ተሞክሮ ነበር፣ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)። ለወረቀቶቹ ጥሩ ነው። ለፕላስቲኮቹ ግን ከካርዱ ገጽ አብጠው የወጡት ቁጥሮች (ከዚህ በኋላ እብጥ ቁጥር) በብርሃኑ ውስጥ ይጠፋሉ። የተሻለው መንገድ ካሜራውን ከላይ ቀጥ አድርጎ መብራቱን ከጎን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ከጠረጴዛው 15 ወይም 20 ዲግሪ ብቻ ከፍ ሲል እያንዳንዱ አሃዝ ጥላ ይጥላል፣ የተላጨውም ሳይቀር ይነበባል። ለሆሎግራም (ካርዱ ሲዘነበል መልኩ ለሚለዋወጠው አንጸባራቂ ምስል) ሁለተኛ ፎቶ ካርዱን ዘንበል አድርጎ ይነሳል።

9ኙ ብረቶች ቻርጋ-ፕሌት የሚባሉት ናቸው፦ በግምት 64 በ32 ሚሊ ሜትር የሆነ ሳህን፣ የደንበኛው ስምና አድራሻ ተመትቶበታል። ፋሪንግተን የተባለው ኩባንያ ይሠራቸው ነበር፤ ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ድረስ ትልልቅ የአሜሪካ መደብሮች ለዱቤ ደንበኞቻቸው ይሰጧቸው ነበር። የባንክ ካርድ አይደሉም፣ ግን የባንክ ካርድ ቁጥር የሚመታበት መንገድ ከእነሱ የመጣ ስለሆነ ከስብስቡ አይነጠሉም። በጠርዛቸው ላይ ያሉት ትንንሽ ቅርጾች ጉዳት እንዳይመስሉ። ሳህኑ በየትኛው መደብር እንደሚሠራ የሚለዩት በእነሱ ነበር። ከጀርባ የባለቤቱ ፊርማ ያለበት ትንሽ ወረቀት ይገባል፤ ከ9ኙ 5ቱ ላይ አለ፣ 4ቱ ባዶ ናቸው። ወረቀቱ የሌለው ዋጋው በግልጽ ይወርዳል። ውሃ በጭራሽ አይነካቸውም፤ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ።

የወረቀት ካርዶቹ ለይተው ተቀመጡ። ዳይነርስ ክለብ የተባለው የካርድ ኩባንያ በ1950 የጀመረው በወረቀት ካርድ ነው፣ ወደ ፕላስቲክ የዞረው በ1961። አሜሪካን ኤክስፕረስም በጥቅምት 1958 ሲጀምር ሐምራዊ ወረቀት ነበር፤ ፕላስቲኩ በ1959 መጣ። ወረቀት ለማስመሰል ቀላል ስለሆነ እያንዳንዱ በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ታየ፦ በዘመናዊ ማተሚያ የተሠራ ከሆነ የተበተኑ የቀለም ነጥቦች ይታያሉ፣ የድሮው ኅትመት ግን ጠርዙ የተዘጋ ነው። በአልትራቫዮሌት መብራት ነጭ ሰማያዊ ሆኖ በጣም የሚያበራ ወረቀት ጥርጣሬ ያስነሳል እንጂ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። አንዱ ካርድ በሁለቱም ፈተና ወደቀ፤ «ቅጂ» ተብሎ ተመዘገበ።

ቀን 3 እና 4፦ ፕላስቲኮቹን በዘመን መለየት

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው። በካርዱ ላይ የታተመው ቀን አብዛኛውን ጊዜ የማብቂያው ቀን ነው። ስለዚህ የወጣበት ዓመት ከዚያ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ወደኋላ ተብሎ በክልል ይመዘገባል። ሌላ ወጥመድም አለ፦ አሜሪካን ኤክስፕረስ ላይ ያለው «አባል ከ…» የሚለው ዓመት ደንበኛው የገባበት እንጂ ካርዱ የታተመበት አይደለም። በዚህ መስመር ላይ «58» የተጻፈበት ካርድ በ1990ዎቹ የወጣ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ብቻ ብዙ ተራ ካርድ እንደ ብርቅ ይሸጣል።

ቀኑ ጠፍቶ ሲገኝ ካርዱ ራሱ ይናገራል። 199ኙ በመጀመሪያ በሦስት ጥያቄ ተከፈሉ፦ የማግኔት መስመር አለው? ሆሎግራም አለው? ቺፕ አለው?

ምንም የሌለው 31። የማግኔት መስመር ብቻ ያለው 58። መስመርና ሆሎግራም ያለው 84። ቺፕ ያለው 26።

የማግኔት መስመር በባንክ ካርድ ላይ መደበኛ የሆነው በ1970ዎቹ ነው፤ ስለዚህ 31ዱ በአብዛኛው ከዚያ በፊት ይወድቃሉ። ሆሎግራም በማስተርካርድ ላይ በ1983፣ በቪዛ ላይ (የርግብ ምስል) በ1984 ገባ። ለእነዚህ ሁለቱ ሆሎግራም የሌለው አሮጌ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ቀደም ያለ ነው፤ ለመደብርና ለነዳጅ ካርዶች ግን ይህ ደንብ አይሠራም፣ ብዙዎቹ ሆሎግራም ኖሯቸው አያውቅም። ቺፕ ካላቸው 3ቱ ላይ ቺፑ ከተለመደው ቦታ ከፍ ብሎ ወደ ላይኛው ግራ ጥግ ተጠግቷል፤ ይህ የቀደመው የፈረንሳይ አቀማመጥ ነው። ፈረንሳይ በ1992 ሁሉንም የባንክ ካርዶቿን ባለቺፕ አድርጋለች፣ ከሌላው ዓለም ብዙ ቀድማ። ቺፑ ከፍ ያለው ካርድ ከባለሙያ ሻጭ እጅ እንኳ ሳይታይ ያልፋል፤ በካርቶን ውስጥ ሲገኝ ለብቻው ይቀመጥ።

ከዚያ ስምና ዓርማ። ባንክ አሜሪካርድ በመስከረም 1958 በካሊፎርኒያ ፍሬስኖ ከተማ ለ60,000 ያህል ነዋሪዎች ሳይጠይቁ በፖስታ የተላከው ካርድ ነው፤ ከ1966 ጀምሮ ለሌሎች ባንኮች ፈቃድ ተሰጠ፣ በ1976 ስሙ ቪዛ ሆነ። ሰማያዊ፣ ነጭና ወርቃማው ሰንበር ግን ከስሙ በፊትም በኋላም አለ፤ ስለዚህ ሰንበሩን አይቶ «ቪዛ» ብሎ መመዝገብ አይገባም፣ በነጩ ላይ የተጻፈው ስም ይነበብ። በእንግሊዝ ባርክሌይካርድ (ከሰኔ 1966)፣ በካናዳ ቻርጅክስ፣ በፈረንሳይ ካርት ብሉ በዚሁ መረብ ውስጥ የነበሩ ናቸው። በሌላው ወገን ኢንተርባንክ የተባለው የባንኮች ማኅበር በ1966 ተመሠረተ፤ ቀይና ብርቱካናማ የተደራረቡ ክቦች ያሉት ካርዱ ማስተር ቻርጅ በ1979 ማስተርካርድ ተባለ።

የጀርባው ጽሑፍም ይጠቅማል። የአሜሪካ ባንክ አድራሻ ላይ ባለ 5 አሃዝ የፖስታ ቁጥር ካለ ከ1963 በፊት ሊሆን አይችልም፤ በከተማውና በግዛቱ ስም መካከል አንድ ወይም ሁለት አሃዝ ብቻ ካለ የቀደመው አጻጻፍ ነው። በ800 የሚጀምር ነጻ ስልክ ካለ ከ1967 ወዲህ ነው። ከታች በደቃቅ የተጻፈው የቅጽ ቁጥር ሁልጊዜ ፎቶ ይነሳ፤ ተመሳሳይ ሁለት ካርዶች ሲገኙ የቀደመውን የሚለየው እሱ ነው።

ከ31ዱ ውስጥ 12ቱ ከ1966 እስከ 1970 ባሉት ዓመታት የወጡ የትናንሽ ከተማ ባንኮች ናቸው። በእነዚያ ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ባንኮች ካርድ ያልጠየቀ ሰው ዘንድ ሁሉ ይልኩ ነበር፤ በ1970 በሕግ ተከለከለ። ብዙ ባንክ የየራሱን ስም ያለው ካርድ አውጥቶ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ትልቁ መረብ ገባ ወይም ከሌላ ባንክ ጋር ተዋሐደ። ዕድሜው ያጠረ ካርድ የተረፈውም ጥቂት ነው። የዚህ ካርቶን እውነተኛ ሀብት እነዚህ 12ቱ ናቸው፤ መልካቸው ግን ከሁሉም የደበዘዘ ነው።

ቀን 5፦ እውነተኛነት

በካሊፐር (ውፍረትና ርዝመት በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ በሚለካ መሣሪያ) ልኬት ተጀመረ። የዛሬው ደረጃ 85.60 በ53.98 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 0.76 ነው። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመጡት ካርዶች ትንሽ ቢለያዩ አይደንቅም፤ የ1990ዎቹ ቪዛ ግን ውፍረቱ 0.60 ከሆነ ምክንያት ይፈለግ። ባለ 16 አሃዝ ቁጥር በአራት አራት ሲከፈል፣ ከመጀመሪያው አሃዝ መሃል እስከ መጨረሻው መሃል 65.3 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ በየአሃዙ መካከል ያለው ርቀት 3.63 ስለሆነ ነው። የስሙ ፊደላት ግን በ2.54 ይቀመጣሉ። በእጅ ማሽን የተመታ ቅጂ እዚህ ላይ ይጋለጣል።

በቪዛና በማስተርካርድ ላይ ከእብጥ ቁጥሩ በላይ ወይም በታች አራት ደቃቅ አሃዞች ታትመው ከተገኙ ከመጀመሪያዎቹ አራት ጋር መመሳሰል አለባቸው። በአልትራቫዮሌት ብርሃን ብዙ የቪዛ ካርዶች ላይ ርግብ፣ ማስተርካርድ ላይ ሁለት ፊደላት ይወጣሉ።

የካርድ ቁጥር ትክክል መሆኑ የሚፈተሽበት የሉን ቀመርም ተሠራ። ከቀኝ ወደ ግራ እየተቆጠረ ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ ስድስተኛው እያለ እስከ መጨረሻው ያለው አሃዝ በሁለት ይባዛል፤ ውጤቱ ከ9 ከበለጠ 9 ይቀነሳል፤ ሁሉም ተደምሮ በ10 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። 4111 1111 1111 1111 ሲሠራ 30 ይሰጣል፣ ትክክል ነው። 1234 5678 9012 3456 ግን 64 ይሰጣል፤ ይህ የናሙና ካርድ ቁጥር ነው እንጂ የማንም ሒሳብ አይደለም። አንድ አሃዝ ብቻ ከተላጨ ቀመሩ የጎደለውን ያስገኛል፤ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ከጎደሉ አይሠራም። ለ1960ዎቹ ካርዶች መፍረጃ እንዳይደረግ፤ ያኔ ሁሉም ባንክ በዚህ አይሄድም ነበር።

የተላጨ እብጥ ቁጥር ለማንበብ ስስ ወረቀት አልብሶ የእርሳስ ዱቄት በጣት ማሸት ከፎቶም ይሻላል።

ናሙና ካርዶች 8 ተገኙ። «ናሙና» ወይም «ዋጋ የለውም» የሚል ቃል የታተመባቸው፣ የፊርማ ቦታቸው ባዶ የሆነ። ለባንክ ሠራተኛና ለነጋዴ ማሳያ የተሠሩ ናቸው። አንዳንድ ሰብሳቢ ይንቃቸዋል። እኛ አንስማማም፤ ዲዛይኑን ምንም ሳይጎድል የያዘ ካርድ ብዙ ጊዜ ናሙናው ነው።

ቀን 6፦ ማጽዳት

ከ199ኙ የጸዱት 63 ብቻ ናቸው። የቀሩት መነካት አያስፈልጋቸውም።

የተጠቀምንበት፦ ለብ ያለ የተጣራ ውሃ ግማሽ ሊትር፣ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ ለስላሳ ጨርቅ። ካርዱ አይነከርም። ጥጡ ተጨምቆ ፊቱ ብቻ ይጠረጋል፣ በእብጥ ቁጥሮቹ መካከል ከላይ ወደ ታች፤ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ይነካል። የፊርማው ቦታ አይነካም። ቀለሙ በውሃ ይፈሳል፣ ሥሩ ያለው ሽፋን ሲታሽ ደግሞ በብዙ ካርድ ላይ የስረዛ ቃል ብቅ ይላል።

አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) ካርዱ የተሠራበትን ፕላስቲክ፣ ፒቪሲን፣ ያለሰልሳል፣ ገጹን ነጭ ያደርገዋል፤ አይመለስም። አልኮልም አይመከርም። በአንድ ዋጋ ቢስ ካርድ ላይ ተሞክሮ የቁጥሮቹን ጫፍ ያለበሰውን የብር ቅብ በሁለት ጊዜ ማሸት አነሳው። ያ ቅብ ከካርዱ ክፍሎች ሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው ነው፤ ሙሉ ሆኖ ከተገኘ ካርዱ ኪስ ውስጥ ብዙ እንዳልቆየ ይመሰክራል።

የላስቲክ ቅሪት በነጭ ለስላሳ ላጲስ ወጣ። የፕላስተር ሙጫ ላይ አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት ለ5 ደቂቃ ተቀምጦ በሳሙና ውሃ ተጠረገ፤ ከፊርማው ቦታ ሁለት ሳንቲ ሜትር ርቀት ይጠበቅ። ዝገቱ አልለቀቀም፣ ተትቷል።

ቀን 7 እስከ 17፦ የተጣመሙትን ማቃናት

የታጠፉ 11 ካርዶች በሁለት መስታወት መካከል፣ በሁለቱም በኩል ወፍራም ለስላሳ ጨርቅ ተደርጎ፣ 2 ኪሎ ግራም ተጭኖባቸው በክፍል ሙቀት ቆዩ። ጨርቁ የግድ ነው፤ ካልሆነ ክብደቱ በእብጥ ቁጥሮቹ ጫፍ ላይ ብቻ ያርፋል። በ10 ቀን 8ቱ ቀኑ። ሦስቱ ትንሽ ቅስት ቀርቶባቸዋል።

ሙቅ ውሃ ለማፋጠን በአንድ የሙከራ ካርድ ላይ ተሞክሮ፣ በ80 ዲግሪ አካባቢ ካርዱ ቀና፣ ቁጥሮቹ ግን ሰመጡ። ምክንያቱ ቀላል ነው። እብጥ ቁጥር ፕላስቲኩ በግድ ተወጥሮ የተያዘበት ቅርጽ ነው፤ ፒቪሲ ሲለሰልስ ወደ ቀድሞው ጠፍጣፋነቱ ይመለሳል። በመኪና መስኮት ሥር የተረሳ ካርድ ላይም ይኸው ይደርሳል። ስለዚህ ሙቀት ለማቃናት የሚሆን መሣሪያ አይደለም፣ ጊዜ ነው የሚያቃናው።

ነጭ የተሰነጠቀ መስመር ያለበት እጥፋት አይቃናም፤ ፕላስቲኩ ውስጡ ተሰብሯል።

ቀን 18፦ ማስቀመጫ

ለመጫወቻ ካርድ ሰብሳቢዎች የሚሸጡት ባለ 9 ኪስ ገጾች ለባንክ ካርድም ይሆናሉ፤ ኪሱ 63.5 በ88.9 ሚሊ ሜትር ለሆነ ካርድ የተሠራ ስለሆነ ጥቂት ይሰፋል። የተሠራበት ነገር ግን ይጠየቅ፦ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር። ለስላሳ፣ ጠረን ያለው የፒቪሲ ኪስ ማለስለሻ ቅባቱን ያወጣል፣ ካርዱን ያጣብቃል፣ የታተመውን ቀለም ወደራሱ ይስባል። ከካርቶኑ ውስጥ 7 ካርዶች በዚህ መንገድ ተበላሽተው መጥተዋል።

ካርድ በካርድ ላይ ተደራርቦ ሲቀመጥ የአንዱ ቁጥር በሌላው ፊት ላይ ታትሞ ይቀራል። ገጾቹ ቆመው ይቀመጡ። ከ18 እስከ 20 ዲግሪ፣ እርጥበት ከ40 እስከ 50 በመቶ፣ ከፀሐይ ርቆ። ብረቶቹ ለየብቻ፣ ወረቀቶቹ አሲድ በሌለው ወረቀት ተጠቅልለው።

ቀን 19 እና 20፦ ዋጋ

መጀመሪያ ደረጃ። ለ199ኙ አራት እርከን ተሰጠ።

ሀ፦ ያልተፈረመ፣ ቅቡ ሙሉ፣ ጭረት የሌለው። 14 ካርድ።
ለ፦ የተፈረመ፣ ጥቂት ያገለገለ፣ ቅቡ አብዛኛው ያለ። 71።
ሐ፦ ቅቡ ያለቀ፣ የማግኔት መስመሩ የተፋቀ። 88።
መ፦ የተቆረጠ፣ የተሰነጠቀ፣ ጥግ የጎደለው። 26።

ባንኩ ራሱ በቀዳዳ የሰረዘው አንድ እርከን ይወርዳል እንጂ ወደ መጨረሻው አይጣልም። ካርድ ሲያበቃ ቆርጠህ ጣል ይባል ስለነበር ሙሉ ሆኖ የተረፈው ሁሉ ትእዛዝ ያልተፈጸመበት ካርድ ነው፤ በጣም ብርቅ ከሆነ የተቆረጠውም ሁለቱ ግማሽ ካለ ይያዛል።

ቀጥሎ ማወዳደሪያ። የሚቆጠረው የተሸጠበት ዋጋ ነው፣ ሻጩ የጠየቀው አይደለም። የጠየቀው ዋጋ ለዓመት ሳይሸጥ ሊሰቀል ይችላል። ለእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ 5 የተፈጸሙ ሽያጮች ይፈለጉና መሃለኛው ይወሰድ። ለምሳሌ አንድ ዓይነት ካርድ በ9፣ በ12፣ በ14፣ በ15 እና በ60 ተሽጦ ቢሆን አማካዩ 22 ነው፣ መሃለኛው 14። ያ 60 ሁለት ሰዎች የተፎካከሩበት ቀን ወይም ሌላ ዓይነት ካርድ ሊሆን ይችላል፤ ፎቶው ይከፈትና ይታይ። የማጓጓዣ ክፍያ የተጨመረበትና ያልተጨመረበት ሽያጭ አይደባለቅ። በጅምላ የተሸጠውን በካርዱ ብዛት አካፍሎ እንደ ነጠላ ዋጋ መውሰድም አይሆንም፤ በጅምላ ውስጥ አንዱ ካርድ ሌሎቹን ሁሉ ይሸከማል።

ከዚያ በእርከን ይባዛል። ለዚህ ሥራ የያዝነው ማባዣ ሀ 1፣ ለ 0.6፣ ሐ 0.3፣ መ 0.1 ነው፤ ማወዳደሪያው በሀ እርከን ሲሆን ማለት ነው። ለወረቀቶቹና ለ12ቱ የአጭር ዕድሜ ካርዶች ይህ ማባዣ አልተሠራበትም። ለእነሱ የሀ እርከን ጨርሶ ስለማይገኝ የሐው ዋጋ ራሱ መነሻ ይሆናል።

ብዙ ሰው ዕድሜን ከዋጋ ጋር ያያይዛል። በዚህ ካርቶን ውስጥ ከ1970ዎቹ የመጣ የትልቅ ባንክ ማስተር ቻርጅ 17 ጊዜ ተደግሞ ተገኝቷል፤ አሮጌ ነው፣ ግን በሚሊዮን ታትሟል። ቺፑ ከፍ ያለው የፈረንሳይ ካርድ ከእሱ ያነሰ ዕድሜ አለው፣ ፈላጊው ግን የበለጠ ነው።

ቀን 21፦ ያልተፈቱት

5 ካርዶች አውጪያቸው አልታወቀም። ስሙ ተልጧል፣ የመጀመሪያ 6 አሃዞቻቸውም ከሚታወቅ ባንክ ጋር አልተገናኙም። ሁለቱ ላይ የጀርባ አድራሻ ከፊሉ ይነበባል፤ የከተማውን የድሮ የስልክ ማውጫ ይዞ የባንኮችን ዝርዝር ማመሳሰል ይቀራል። ሦስተኛው የማግኔት መስመሩ ከፊት ለፊት ነው። አራተኛውና አምስተኛው አንድ ዓይነት የቅጽ ቁጥር አላቸው፣ ቀለማቸው ግን አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ። አምስቱም ዋጋ ሳይሰጣቸው ከገጹ መጨረሻ ባሉት ኪሶች ገብተዋል፤ የዝገቱ ጥላ ያለባቸው ሁለቱም ከእነሱ ቀጥሎ፣ በ6 ወር አንዴ ጥላው መስፋቱ እንዲለካ።